ለአርባ ሰው

ጀልባዎቹ የሚባረኩት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤
ኦዲል ግን ሥራዋን ሰኞ ነው የጀመረችው።
ሁለት የፕላስቲክ ቅርጽ አላት፣ ባለ አሥራ ስድስት ጉድጓድ፤
ውሃ ሞልታ፣ ሳታፈስ፣ ታስገባለች ከፍሪዘሩ ሆድ።
ሲጠጥር ትገለብጣለች፤ ሞልታ ትመልሳለች፤
ሌሊት ሰዓቷ ሳይጮኽ እሷ ቀድማ ትነቃለች።
ቋ! ቋ! እያለ በረዶው ከረጢቱን ሲሞላ፣
በባዶ እግሯ፣ በጨለማ፣ ቆማ ስታሰላ፦
«አርባ ሰው። በየብርጭቆው አራት አራት ፍሬ።
አምስት አምስት ጊዜ ቢጠጡ፣ ስምንት መቶ። እስከ ዛሬ
መቶ ስድሳ። የሚቀረው...» ጣቷን ትቆጥርና
«የሚቀልጠውስ?» ትላለች። ትጀምራለች እንደገና።

ቤቷ በረጃጅም እግሮቹ እንደ ሽመላ ቆሟል፣
ሉዊዚያና ጠርዝ ላይ፣ መሬቱ ባሕር መሆን ጀምሯል።
የዚያ አገር ነሐሴ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል፤
በረዶ የሌለው ብርጭቆ ከስድብ ይቆጠራል።

ረቡዕ ቦታ ጠበባት፤ ዓምና የቀረውን ሽሪምፕ አወጣች፣
ለጎረቤት አደለች፤ አይስክሬሙን ለሬሚ በግድ አበላች።
ሬሚ የልጅ ልጇ ነው፤ ይስቃል፦ «አያቴ፣ ምን አደከመሽ?
ነዳጅ ማደያው በር ላይ በከረጢት ሞልቶልሽ!»
አትመልስለትም። ቅርጹን ከቧንቧው ሥር ታደርጋለች፤
ውሃው ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲሻገር ዝም ብላ ታያለች።

እሱ ሕፃን ነበር ያኔ፣ አውሎ ነፋሱ የመጣ ዕለት።
ማደያው ጣሪያውን አጣ። መብራት ጠፋ፣ አሥራ ስምንት ሌሊት።
የቆመው የእሷ በረንዳ ነው፤ ሰው ወደ እሷ ተሰደደ፤
ሚስማር የወጋው፣ ጭቃ የለበሰው፣ ቤቱ በውሃ የሄደ።
ሻይ ነበራት፤ ስኳር ነበራት፤ በረዶ ግን አልነበራት፤
ለብ ያለውን እየቀዳች ስታድል እጇ ከበዳት።
ሽማግሌው ቴሌስፎር፣ ጀልባው ዛፍ ላይ የተሰቀለው፣
ተጎንጭቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ኦዲል፣ እንዴት ቀዝቃዛ ነው!»
ዋሸ።
ለእሷ ብሎ ዋሸ። ያቺ ውሸት እንደ ዓሣ አጥንት
ጉሮሮዋ ላይ ቀረች፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመት።

ቅዳሜ።
ቄሱ ከፊተኛው ጀልባ ጠበሉን ረጭተው አበቁ፤
የወረቀት አበባ የለበሱት ጀልባዎች ጥሩንባ ነፍተው ራቁ፤
ሰዉም ወደ ደረጃዋ። ኦዲል ከላይ ቆማለች፣
ስምንት መቶ ሠላሳ ሁለት ፍሬ ከኋላዋ አዘጋጅታለች።
መጀመሪያ ቨርሊ ወጣች፣ ከረጢት ደረቷ ላይ አስጠግታ፤
«ቢያንስ ብዬ ነው።» በረዶ ነው፣ ከመንገድ ላይ ገዝታ።
ቀጥሎ ወንድማማቾቹ፣ አንድ አንድ ከረጢት፤ «ቢያንስ ብለን።»
ከዚያ የመምህሩ ሚስት ከነልጆቿ፤ «እኛም ቢያንስ ብለን።»
በመጨረሻ ቴሌስፎር፣ ሰማንያ ሁለት ዓመት የሞላው፣
ሁለት ከረጢት በትከሻው፣ ቅላጩ ሸሚዙን ያራሰው።

ያቺን ለብ ያለች ሻይ ለካ ማንም አልረሳትም፤
ሁሉም ዋሽቶ ነበር ለካ፤ ማንም አልነገራትም።

አሥራ ዘጠኝ ከረጢት! ፍሪዘሩ አልበቃ አለ፤
ገንዳውን ሸርጣን ይዞታል፤ ሬሚ አንዴ ቆመ፣ አንዴ ዋለለ፤
በኋላ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ክዳን ብድግ አደረገው፤
ከረጢቱን አንድ በአንድ ቀደደና እስከ አፉ ገለበጠው።
ኦዲል አየች። ከንፈሯ ሊቆጣ ብሎ ተንቀጠቀጠ፤
«አስቀድማችሁ የእኔን!» አለች፤ ሳቅ ከአፏ አመለጠ።

ጠጡ። ልጆች በየአንገታቸው በረዶ ተከታተቱ።
ቴሌስፎር አንዴ ተጎንጭቶ ጉንጩን በመዳፉ ያዘ፤
«ኦዲል፣ ጥርሴን ፈጀው!» አለ፤ እጁ ብርጭቆው ላይ ደነዘዘ።
ይኼ እውነት ነው።

እሑድ ንጋት፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ የማሽኑን ክዳን አነሳች።
አንድም ፍሬ የለም። እስከ ግማሽ ጥርት ያለ ውሃ አገኘች።
የሸርጣን መረቅ የበከለውን የጠረጴዛ ልብስ፣ የእጅ ፎጣ፣
ሰብስባ ነከረችበት፤ የእንግዳ ውሃ በከንቱ እንዳይወጣ።
ሳሙና ጨመረች። ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ አጉረመረመ፤
ቤቱ በረጅም እግሩ ላይ ትንሽ ተወዛወዘና ቆመ።